የጀልባ ሞተር «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ የምትነዱ፣ ይቺን ያዙልኝ። ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሩ «ጠቅ» ብቻ ብሎ ዝም ካለ፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን ክፍል) ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ ባትሪውን በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩ። ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሥራ ሳይጀምር 12.6 ገደማ ያሳያል።

ባትሪው ደህና ነው? እንግዲያው የኔጋቲቩን ገመድ ጠርጥሩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ቀለም የሌለው ብረት ላይ አድርጉ። ማርሹ ፍሪ ይሁን፣ ከፕሮፔለሩም ራቁ። ከዚያ ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ነው ችግሩ። እኔ አንዴ ከላይ አዲስ የሚመስል ገመድ ጎማውን ገለጥ ባደርገው፣ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ረገፈ። እንዲህ ያለውን መጥረግ ዋጋ የለውም፤ ቀይሩት። ስትፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድሙ፣ ስትመልሱ መጨረሻ አድርጉት።