ከተረኝነት ሌሊት የሚነሳ ጥናት፦ ጀማሪ ሐኪም ሕክምናን ከምርምር፣ ከማስተማርና ከአመራር ጋር እንዴት ያስኬዳል?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ተረኛው ኢንተርን (ገና በተግባር ልምምድ ላይ ያለ ጀማሪ ሐኪም) የአንድ ታማሚ ቻርት ይገልጣል። አንቲባዮቲኩ የታዘዘው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። የተሰጠበትን ሰዓት የሚያሳየው ሳጥን ግን ባዶ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ። ነርሷን ሲጠይቃት መድኃኒቱ ከፋርማሲ አልመጣም ትለዋለች። ፋርማሲ ሲደውል ማዘዣው አልደረሰንም ይሉታል። ታዲያ ማዘዣው የት ገባ? ራሱ ማታ የጻፈው ወረቀት ቻርቱ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል።

መድኃኒቱ ይሰጣል፣ ሌሊቱም ያልፋል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ተመስገን ብሎ ወደሚቀጥለው ታማሚ ይሄዳል። አንዳንዱን ግን ነገሩ ይከነክነዋል። ይሄ ስንት ጊዜ ነው የሚያጋጥመው? በሌሊት ይብሳል? ማዘዣው የሚቆመው ሁሌ እኔ ጋ ነው ወይስ ሌላም ቦታ? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለሚከነክነው ሰው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ምርምርን፣ ማስተማርንና አመራርን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አድርጋችሁ ከያዛችኋቸው፣ ከዋርዱ (ታማሚዎች ከሚተኙበት ክፍል) ሥራ ጋር አራት ይሆናሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ አራቱማ አይታሰብም። የሚያዋጣው አንድ ጥያቄ መያዝ ነው። ያንኑ ታጠናላችሁ፣ ያንኑ ታስተምራላችሁ፣ ያንኑ ታስተካክላላችሁ።

የተከለለ ጊዜ ካለ ያዙት፣ ከሌለም አትጠብቁት

አንዳንድ አገሮች ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አላቸው። በዩናይትድ ኪንግደም አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች ከሚያልፉበት የሁለት ዓመት መሠረታዊ ሥልጠና ውስጥ ለምርምር፣ ለማስተማር ወይም ለአመራር ጊዜ የሚሰጥ ልዩ ፕሮግራም አለ። ጊዜው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት የሚመጣ የ4 ወር ሮቴሽን (በአንድ ክፍል የሚቆዩበት የሥራ ዙር) ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ይሆናል። በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪንና ፒኤችዲን አጣምሮ የሚያስተምረው በመንግሥት የሚደገፍ ፕሮግራም ከ1964 ጀምሮ አለ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እንዲህ ያለ ዕድል ከገጠማችሁ ሳታመነቱ አመልክቱ። ሲያመለክቱ "ምርምር እወዳለሁ" ማለት ብዙ አይረዳም። "ይህን ጥያቄ ይዤ እዚህ ደርሻለሁ" ማለት ግን ይረዳል።

ዕድሉ የሌለውስ? ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1981 በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ገና በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ነበር። የጥናት ሥራ ሲፈልግ ሮቢን ዋረን ወደሚባል ፓቶሎጂስት (የአካል ናሙና መርማሪ ሐኪም) ላኩት። ዋረን በጨጓራ ናሙናዎች ላይ ማንም ቁም ነገር ያላለውን ባክቴሪያ እያየ ነበር፤ ያጣው ታማሚዎቹን የሚከታተልለት ሰው ነው። ሁለቱ 100 ታማሚዎችን ማጥናት ጀመሩ። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማሳደግ ከ30 በላይ ናሙና ተሞከረ፣ አልበቀለም። ለካስ ሳህኖቹ በሁለት ቀን ውስጥ ይጣሉ ነበር፤ ባክቴሪያው ደግሞ ዘገምተኛ ነው። በ1982 የፋሲካ ሰሞን ሳህኖቹ ሳይታዩ ለቀናት ቆዩ። ከበዓሉ መልስ ሲታዩ በቅሏል። ይህ ነው ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለው፣ የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ባክቴሪያ፤ ሁለቱንም በ2005 ለኖቤል ሽልማት አበቃቸው።

ኖቤሉን ለጊዜው ተዉት። እኔን የሚገርመኝ ጅማሬው ነው። ወጣቱ ሐኪም ከባዶ ርዕስ አልፈጠረም። ሌላ ሰው ጀምሮት ጉልበት ያጠረውን ጥያቄ ተቀብሎ ነው የገባው። እናንተም ዲፓርትመንታችሁ ውስጥ "እየተሠራ ሰው ያጣ ነገር አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አለ።

1. ቀድማችሁ በእግራችሁ ቁሙ

አዲስ ዋርድ በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ምንም ፕሮጀክት አትጀምሩ። ድንገተኛ ታማሚ ሲመጣ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥናቱ ይቆይ። ምክንያቱ የታማሚ ደኅንነት ብቻ አይደለም። ሥራውን በደንብ ያላወቀ ሰው የትኛው ችግር የሥርዓቱ፣ የትኛው የራሱ ልምድ ማነስ እንደሆነ መለየት አይችልም።

በዚህ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ አለባችሁ፦ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያዙ። ያናደዳችሁን፣ የገረማችሁን፣ ሲኒየሮች እርስ በርስ ያልተስማሙበትን ጻፉ። የታማሚ ስም ግን አይጻፍበት፤ ደብተር ይጠፋል።

2. ጥያቄውን አጥብቡት

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። "ኢንፌክሽን ላይ መሥራት እፈልጋለሁ" ምኞት እንጂ ጥያቄ አይደለም። ያን ሌሊት እንመልሰው፦

"በድንገተኛ ክፍል በኢንፌክሽን ተጠርጥረው ለገቡ አዋቂ ታማሚዎች፣ አንቲባዮቲክ ከታዘዘበት እስከ ተሰጠበት ያለው ጊዜ ቀንና ሌሊት ይለያያል?"

ታማሚው ማን እንደሆነ ታወቀ። ምን እንደሚወዳደር ታወቀ። ምን እንደሚለካም ታወቀ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መልሱ ቻርት ላይ አለ፤ ማሽን መግዛት ወይም ለዓመታት መጠበቅ አያስፈልግም። ጥያቄያችሁ በአንድ ትንፋሽ ካልተነበበ ገና ሰፊ ነው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ ተቀመጡ። ሌሎች ሠርተውት ከሆነ አትደንግጡ። እንዴት እንደለኩት ታያላችሁ፣ ውጤቱ እናንተ ጋም ይሠራ እንደሆነ ትጠይቃላችሁ።

3. አማካሪ ፈልጉ፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል

አንዱ ስሙ የታወቀ፣ በር የሚያስከፍት ሲኒየር ይሁን። ሌላው ይህንኑ መንገድ ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ያለፈ። የመጀመሪያው ጥያቄው ይረባ እንደሆነ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ደግሞ ቅጹ ከየትኛው ቢሮ እንደሚወሰድ።

ሲኒየር ስታናግሩ በራውንድ (ታማሚዎች በየአልጋቸው በሚጎበኙበት ሰዓት) መሀል አይሁን። አጭር መልእክት ላኩ፦ "ዶክተር፣ በተረኝነቴ አንቲባዮቲክ ሲዘገይ ደጋግሜ አይቻለሁ። መዘግየቱን በ60 ቻርት መለካት እፈልጋለሁ። ጥያቄውን በአንድ ገጽ አዘጋጅቻለሁ። በዚህ ሳምንት 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ?" የሥራው ልክ ተነግሯል፣ የሚጠየቀው ጊዜም ትንሽ ነው። "ከእርስዎ ጋር ምርምር መሥራት እፈልጋለሁ" የሚል መልእክት ግን ለሲኒየሩ የቤት ሥራ መስጠት ነው።

4. ሥራው ምን እንደሆነ ወስኑ፣ ፈቃዱንም አስቀድሙ

ኦዲት የተለመደውን አሠራር ከወጣለት መመሪያ ጋር ያመሳክራል። የጥራት ማሻሻያ ሥራ አሠራሩን ቀይሮ ለውጡን ይለካል። ምርምር ገና ያልታወቀን ነገር ያጣራል። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ይወስናል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ራሳችሁ አትፍረዱ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ጠይቁ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ ካወጣበት ከ1964 ጀምሮ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት አስቀድሞ መገምገም እንዳለበት እየተጠናከረ የመጣ መርህ ነው። ዳታ ሰብስቦ ፈቃድ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ብዙ ኮሚቴ ወደ ኋላ ተመልሶ አይፈቅድም፣ ልፋታችሁም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

5. መጀመሪያ አሥር ቻርት

ፈቃድ ሲመጣ ወዲያው 60ውንም ለመሙላት ትቸኩላላችሁ። አትቸኩሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሥር ቻርት አውጡና ቅጻችሁን ሞክሩት።

ምን እንደሚያጋጥማችሁ ልንገራችሁ። "የመድረሻ ሰዓት" የሚል ዓምድ አላችሁ። ቻርቱ ላይ ግን ሦስት ሰዓት አለ፦ ካርድ የወጣበት፣ ነርስ የለካችበት፣ ሐኪም ያየበት። የቱ ነው መድረሻ? አንዱ ቻርት ላይ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ተሰጥቷል ይላል። ሌላው ላይ ፊርማ አለ፣ ሰዓት የለም። ይህን ሁሉ በአሥረኛው ቻርት ካወቃችሁት ቅጹን ታስተካክላላችሁ። በሃምሳኛው ካወቃችሁት ግን እንደገና "ሀ" ብላችሁ ትጀምራላችሁ። እያንዳንዱ ዓምድ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ከሦስት ወር በኋላ እናንተም አታስታውሱትም።

በታማሚ ስም ፋንታ የኮድ ቁጥር ይግባ። ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ፋይሉ በስልክና በፍላሽ አይዙር። ስታቲስቲክስ ባለሙያ ዘንድ ደግሞ ዳታው ሳይሰበሰብ ሂዱ። በእኛ ምሳሌ 60 ቻርት መዘግየቱን ለማሳየት ሊበቃ ይችላል፣ የቀንና የሌሊቱን ልዩነት ለመለየት ግን ሊያንስ ይችላል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ነው የሚሻለው።

6. ሰዓቱን ከየት ታመጡታላችሁ?

ከተረኝነት በወጣችሁበት ቀን አትሥሩ። የእንቅልፍ ዕዳ ያለበት ሰው የሚሞላው ዳታ እንደገና መታየቱ አይቀርም። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። አንድ ቻርት 15 ደቂቃ ቢወስድ በሳምንት 12 ይሆናል፤ 60ው በ5 ሳምንት ያልቃል። ከባድ ተረኝነት ያለበት ወር ከሆነ እጥፉን አስቡ። ለአማካሪያችሁም ይህንኑ ንገሩ። "ቶሎ እጨርሳለሁ" ብሎ መጥፋት ስም ያበላሻል።

7. በያዛችሁት አስተምሩ

የሰበሰባችሁት ነገር ለጠዋቱ ስብሰባ የ10 ደቂቃ ትምህርት ይሆናል። ስም የሌለው አንድ ኬዝ፣ ሰዓቱ ከላይ እስከ ታች የተጻፈበት፣ ከዚያ "የት ላይ ቆመ?" የሚል ጥያቄ። 40 ስላይድ ከመደርደር ይልቅ ይህ ሰው ያነቃል።

የእጅ ሙያ ስታሳዩ፣ ለምሳሌ ደም ለካልቸር (ጀርም ለማሳደግ ለሚደረግ ምርመራ) መውሰድን፣ ፔይተን የተባለ ሐኪም በ1998 ያስተዋወቃቸው አራት ደረጃዎች ይረዳሉ። አንድ ጊዜ ዝም ብላችሁ በተለመደው ፍጥነት ሥሩት። ሁለተኛ እያብራራችሁ በዝግታ። ሦስተኛ ተማሪው ይንገራችሁ፣ እናንተ ሥሩ። አራተኛ ተማሪው እየተናገረ ራሱ ይሥራ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ተማሪው ምን እንዳልገባው የሚጋለጠው ግን እዚያ ነው። ካስተማራችሁ በኋላ ሁለት ጥያቄ ያለው የአስተያየት ወረቀት በትኑና መልሱን አስቀምጡ። ለማመልከቻ ማስረጃ ይሆናችኋል።

8. አመራር ማለት ወንበር አይደለም

የተረኞች ፕሮግራም ማውጣትም አመራር ነው፤ እንዲያውም ከዚያ በላይ ዲፕሎማሲ የሚጠይቅ ሥራ አላውቅም። በእኛ ምሳሌ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። መዘግየቱን ካሳያችሁ በኋላ ነርሷን፣ የፋርማሲውን ሰው፣ የተረኞቹን ተወካይ አንድ ጠረጴዛ ላይ አምጡ። ጥፋተኛ አትፈልጉ። ራሳችሁ ያጠፋችሁትን ሌሊት ቀድማችሁ ብታወሩ ሌላውም ይናገራል።

ከዚያ አንድ ትንሽ ለውጥ ምረጡ፦ ማዘዣው ከቻርት ተለይቶ በአንድ ቀይ ትሪ ላይ ይቀመጥ፣ በርክክብ ጊዜ ትሪው ይታይ። ለአንድ ሳምንት፣ በአንድ ክፍል ብቻ ሞክሩት። ለኩ፣ አስተካክሉ፣ ድገሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ዝርዝር 19 ነጥብ ብቻ ነው፤ አንዱ ቡድኑ ስሙንና ሥራውን እንዲናገር የሚል ነው። በ2009 በታተመው የ8 ሆስፒታሎች ጥናት ዝርዝሩ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ትሪውን ለሚንቅባችሁ ሲኒየር ይህን ንገሩት።

9. ጽሑፉና ስሙ

የደራሲነት ነገር ወዳጅ ያጣላል። ገና ሲጀመር ማን ምን እንደሚሠራ፣ ስም በምን ቅደም ተከተል እንደሚገባ በኢሜይል ተስማሙ። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፦ በሥራው ላይ ተጨባጭ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ረቂቅ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። የዲፓርትመንት ኃላፊ መሆን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው አማካሪው እንዲለው የሚደረገው።

ስትጽፉ እንዲህ ላለው የምልከታ ጥናት የተዘጋጀውን ባለ 22 ነጥብ ስትሮብ የተባለ ማመሳከሪያ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሳትጠይቁት በኢሜይል "የተከበሩ ፕሮፌሰር" እያለ በሦስት ቀን እናትማለን የሚላችሁን ጆርናል ዝለሉት። ገና ኢንተርን ሳላችሁ ፕሮፌሰር ያላችሁ ሰው የሚፈልገው ገንዘባችሁን ነው።

10. ሮቴሽን ሲቀየር

ብዙ ጥሩ ሥራ የሚሞተው እዚህ ነው። ከዋርዱ ከመውጣታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ገጽ ጻፉ፦ ፋይሉ የት እንዳለ፣ የይለፍ ቃሉ ማን ጋ እንደሆነ፣ ስንት ቻርት እንደቀረ፣ የፈቃዱ ደብዳቤ መቼ እንደሚያበቃ፣ ትሪውን ማን እንደሚከታተል። ገጹን ለሚተካችሁ ኢንተርን በእጁ ስጡት። አብራችሁም አንድ ቻርት ሙሉ።