ጎዳና ላይ ናስካር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቺካጎ ታክሲ የነዳ አበሻ ኮሎምበስ ድራይቭን፣ ባልቦንና ሚሺጋን አቬኑን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃቸዋል። ከ2023 እስከ 2025 በየዓመቱ ጁላይ ላይ እነዚሁ ጎዳናዎች በኮንክሪት ታጥረው የናስካር (የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም) መወዳደሪያ ሆነው ነበር። ግራንት ፓርክን ይዞ 2.2 ማይል፣ 12 መታጠፊያ። ሾፌሮቹ ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ሞላላ ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ ሲታጠፉ የሚከርሙ ናቸው። እዚህ ሲመጡ ያው ስህተት ነው የሚደጋገመው። ሲሙሌተር (የኮምፒውተር መንጃ) ላይ የምትነዱም ብትሆኑ ከዚህ አታመልጡም።

መንገዱን መናቅ። የከተማ መንገድ ለውድድር አልተሠራም። ውሃ እንዲወርድበት መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ይላል። የማንሆል ክዳን አለ፣ የተለጣጠፈ ጥገና አለ። በታክሲ ስትሄዱ ወገባችሁን ነቅነቅ አድርጎ የሚያልፍ ጉብታ፣ በውድድር ፍጥነት ፍሬን ይዛችሁ ከደረሳችሁበት መኪናውን ያዘልለዋል። ልምምድ ላይ ሰዓት ከማሻሻል በፊት የት የት እንደሚነጥር ያዙ።

ፍሬን ዘግይቶ መያዝ። ትልቁ ይሄ ነው። ከኮሎምበስ ወደ ባልቦ በግራ የሚታጠፈው መታጠፊያ 6 በ2023 ስንቱን ዋጠ! ካይል ቡሽ ውድድሩ ገና ሳይሞቅ አፍንጫውን የመከላከያ ጎማ ክምር ውስጥ ቀበረ። ኖዋ ግራግሰንማ እዚያው ቦታ ደጋግሞ ገባበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሩ ትንሽ ይዘገያል። ይደነግጥና ፍሬኑን አጥብቆ ይረግጣል። የፊት ጎማው መዞሩን ያቆማል። የማይዞር ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። 1,450 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ጭቃ ላይ እንዳለ ሰው እየተንሸራተተ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መድኃኒቱ መሪው ቀጥ እያለ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መታጠፍ ሲጀምሩ እግርን ቀስ በቀስ ማላላት ነው።

በዚህ ስህተት የማይታማ ሾፌር ካለ ሼን ቫን ጊስበርገን ነው። ኒውዚላንዳዊ ነው፣ ሱፐርካርስ የሚባለውን የአውስትራሊያ የመኪና ውድድር ሻምፒዮና 3 ጊዜ አሸንፏል። በ2023 ቺካጎ ላይ በመጀመሪያ የካፕ (የናስካር ዋናው ደረጃ) ውድድሩ አንደኛ ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር ከ1963 ወዲህ አልታየም ነበር። በ2025 መጥቶ ደገመው። የናስካር ሾፌሮች በግራ እግር ፍሬን ሲይዙ እሱ በቀኝ ነው የሚይዘው፤ ግራው ፍሪሲዮን ላይ ነው። እኛ አገር አይሱዙ የነዳ ሰው አይገርመውም።

ቡሽ ግን ከጎማው ክምር ወጥቶ 5ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ስለዚህ ቀድሞ ተስፋ መቁረጥም ራሱን የቻለ ስህተት ነው።

ግድግዳውን መዳፈር። ሞላላው ሜዳ ላይ የውጭውን ግድግዳ ሸርተት አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው። እዚህ የውስጡም ጥግ ኮንክሪት ነው። በትንሹ ቢነኩት የጎማውን አቅጣጫ የሚይዘው ዘንግ ይጣመማል። በ2024 ታይለር ሬዲክ ፊት ሆኖ የሚመራውን አሌክስ ቦውማንን ሊደርስበት ሲል ግድግዳ ነካና ድሉን እዚያው ጥሎት ሄደ።

የጎማ ለውጥ። ያኔ ቦውማን የዝናብ ጎማውን አልቀየረም፤ ሬዲክ የደረቅ ጎማ አስሮ ነበር። የደረቅ ጎማ ይፈጥናል፣ ግን የሚሠራው መኪኖቹ እየተመላለሱ ያደረቁት ጠባብ መስመር ላይ ነው። ከመስመሩ አንድ ክንድ ወጣ ካላችሁ ውሃ ላይ ናችሁ። የዝናብ ጎማውም ቢሆን መንገዱ ሲደርቅ ይግልና ይበላል። ሰማዩን ብቻ አትዩ፣ ፊታችሁ ያለው መኪና ውሃ ይረጫል ወይ ብላችሁ እዩ።

ዙሩ አይቀነስም ብሎ ማሰብ። የ2023ቱ 100 ዙር ተብሎ ነበር። ዝናብ አዘገየው፣ መሸ፣ መሃል ላይ ወደ 75 ወረደ። ፒት (ጎማ መቀየሪያና ነዳጅ መሙያ ቦታ) ቀድመው የገቡት ድንገት ፊት ሆኑ፣ ቫን ጊስበርገን 18ኛ ላይ ራሱን አገኘው። በስንት መከራ ነው ተመልሶ የወጣው።

እጅንና ንዴትን አለመቆጣጠር። ቦውማን በዚያው በ2024 የመስታወት መጥረጊያውን ሊያበራ ሲታገል መታጠፊያውን ሳተና ባባ ዋላስን ገጨው። ጥፋቱን አምኗል። ዋላስ ግን አልበረደለትም፤ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሄዶ የአሸናፊውን የቦውማንን መኪና ገጨ። 50,000 ዶላር ተቀጣ።