«ሶፍትዌሩ ከነሰነዱ» ብሎ መፈረም ያመጣብኝ ጣጣ

ገላን ላለ መጋዘን የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በኮንትራት ሠራን። በርክክቡ ቀን ሪፖርቱ አልወጣም አለ። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ግን ሰላም ነው!

ለካ ሰርቨሩ ላይ ፕሮግራሙ ስሪት 1.4 ሲሆን የዳታቤዝ ስክሪፕቱ (የመረጃ ቋቱን የሚያዘጋጀው የትእዛዝ ፋይል) 1.3 ላይ ቀርቷል። እሱን ማስተካከል ቀላል ነበር። ከባዱ ውሉ ነው። «ሶፍትዌሩ ከነሰነዱ» ይላል፣ በቃ። የትኛው ስሪት? የትኛው ሰነድ?

አባሪ ጨመርንበት። ሥራውን አራት ቦታ ከፈልነው፦ የሰርቨር ፕሮግራም፣ የስልክ አፕ፣ የዳታቤዝ ስክሪፕት፣ የሪፖርት ቅጾች። መጀመሪያ እያንዳንዷን ፋይል ልመዘግብ ተነስቼ ነበር፤ እብደት ነው። አሁን የምጠይቀው፣ ለብቻው ይቀየራል ወይ? ለብቻው ይጫናል ወይ? ከሆነ የራሱ መለያ፣ የስሪት ቁጥርና ሰነድ ይኑረው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ርክክብ አንድ ገጽ የስሪት መግለጫ፦ ምን ተቀየረ፣ የቱ ከየቱ ጋር ይሄዳል፣ የፋይሎቹ ሻ-256 (SHA-256) አሻራ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ይዘቱ ከተቀየረ አብሮ የሚቀየር ኮድ። ሐሳቡ የኔ አይደለም፤ የአሜሪካ መከላከያ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሚል-ስታንዳርድ-498 (MIL-STD-498) የተባለ የሶፍትዌር ሥራና ሰነድ መስፈርት ውስጥም የስሪት መግለጫ አለ።

በሁለተኛው ርክክብ የመጋዘኑ ኃላፊ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከስክሪኑ ጋር አመሳከሩ። «ልጄ፣ ሦስተኛዋ አልገጠመችም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የድሮውን ስክሪፕት ደግሜ ጭኜዋለሁ።