ለብሪታንያ ፓርላማ የአገር ውስጥ ጉዳዮች ኮሚቴ የጽሑፍ ማስረጃ እንዴት ይላካል?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2018 የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አምበር ራድ በፓርላማው የአገር ውስጥ ጉዳዮች ኮሚቴ ፊት ቀርበው ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ከአገር ለሚያስወጣቸው ሰዎች በቁጥር የተቀመጠ ግብ አለው ወይ ተብለው ሲጠየቁ የለንም አሉ። ከእሳቸው ቀደም ብላ የቀረበች የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ማኅበር ተወካይ ግን ግብ እንዳለ ተናግራ ነበር። በቀናት ውስጥ ይህንኑ የሚያሳዩ ሰነዶች ወጡ፤ ሚኒስትሯም ኤፕሪል 29 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ኮሚቴው ሚኒስትር የመሻር ሥልጣን የለውም። ሥልጣኑ ጠርቶ መጠየቅ ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ በእጁ ወረቀት ያስፈልገዋል። ያንን ወረቀት ማንም ሰው ሊጽፍለት ይችላል፤ የጥገኝነት ማመልከቻው ገና መልስ ያላገኘ ሰውም ቢሆን። አጻጻፉ ግን የራሱ ሥርዓት አለው።

1. በሩ ይህ መሆኑን አረጋግጡ

ኮሚቴው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን ከተለያዩ ፓርቲዎች የተውጣጡ 11 የምክር ቤት አባላት አሉት። የሚከታተለው የሆም ኦፊስን፣ ማለትም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርን፣ ወጪ፣ አሠራርና ፖሊሲ ነው፤ ጥገኝነት፣ ኢሚግሬሽን፣ ወንጀል መከላከልና ፖሊስ በዚህ ሥር ይወድቃሉ። በፖሊስ ረገድ ነገሩ በአመዛኙ እንግሊዝንና ዌልስን ይመለከታል፤ የስኮትላንድ ፖሊስ ተጠሪነቱ ወደ ኤድንበራው ፓርላማ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮሚቴው የግለሰብን ጉዳይ አይመረምርም። ማመልከቻዎ ከዘገየ የሚጻፈው ለምርጫ ክልልዎ የምክር ቤት አባል ነው፤ የመምረጥ መብት ባይኖርዎትም በዚያ ክልል እስከኖሩ ድረስ የእሱ ወይም የእሷ ነዋሪ ነዎት። ሆም ኦፊስ ቅሬታዎን ሰምቶ አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ፣ ጉዳዩ በዚያው የምክር ቤት አባል በኩል ወደ ፓርላማው እንባ ጠባቂ ይሄዳል። በፖሊስ የተበደለ መጀመሪያ ለዚያው የፖሊስ ኃይል ቅሬታ ያቀርባል፤ ከበዱ የተባሉት ጉዳዮች ወደ ገለልተኛው የፖሊስ ምርመራ ተቋም ይተላለፋሉ። ጥገኝነቱ ውድቅ የተደረገበት ሰው ደግሞ መንገዱ ይግባኝ ነው። በአገር ውስጥ ላለ ሰው የይግባኙ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ብቻ ነው፤ ለኮሚቴ የተጻፈ ደብዳቤም ያንን ቀን አያስቆምም። ለጠበቃ ሊሰጥ የሚገባውን ሁለት ሳምንት ለፓርላማ ደብዳቤ ማዋል እጅግ ውድ ስህተት ነው።

ታዲያ ለኮሚቴው የሚጻፈው ምንድን ነው? በእርስዎ ላይ የደረሰው ነገር ስለ አጠቃላይ አሠራሩ የሚያሳየው ነገር ነው።

2. ክፍት ጥሪ ፈልጉ

በፓርላማው ድረ ገጽ በኮሚቴው ገጽ ላይ እየተካሄዱ ያሉት ምርመራዎች ተዘርዝረዋል። ማስረጃ የሚቀበሉት፣ ማለትም ክፍት ጥሪ ያላቸው፣ የመጨረሻ ቀናቸው ተጽፎ ይገኛል፤ ከሥሩም ኮሚቴው መልስ የሚፈልግባቸው ጥያቄዎች አሉ። ሁሉንም ለመመለስ አይሞክሩ። በዓይንዎ ያዩት አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ከሆነ፣ እነሱን ብቻ ይመልሱ። ክፍት ጥሪ ከሌለ ይጠብቁ፤ እስከዚያው ማስታወሻ መያዝ ይቻላል።

3. አቤቱታ ሳይሆን ማስረጃ ጻፉ

እኛ ያደግነው በአቤቱታ ባህል ነው። ወረቀት ስናነሳ እጃችን በራሱ ወደ «የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት ሆይ፤ በቅድሚያ ለሥራችሁ መቃናት ያለኝን መልካም ምኞት እየገለጽሁ፣ እኔ ሰሚ ያጣሁ ምስኪን...» ይሄዳል። የዚህ ዓይነቱ አንቀጽ ውበት የለውም አልልም። ነገር ግን አንባቢው ከመቶ በላይ ወረቀት ከፊቱ የተከመረ የኮሚቴ ባለሙያ ነው፤ የሚፈልገው በሪፖርቱ ውስጥ ሊጠቅሰው የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ታሪክ፣ እንዲህ ቢጽፈውስ፦

«1. ከማርች 2023 እስከ ጁላይ 2024 ሆም ኦፊስ ባዘጋጀው ሆቴል ለ16 ወራት ቆይቻለሁ።

2. በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ ሌላ ሆቴል ተዛውሬአለሁ። ሁለቱን ጊዜ የተነገረኝ በመዛወሪያው ዕለት ጠዋት ነው።

3. በሁለተኛው ዝውውር ምክንያት ለሦስት ወር የጠበቅሁት የሐኪም ቀጠሮ አምልጦኛል።

4. ከመዛወር ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲነገር ኮሚቴው ቢጠይቅ ይህ ዓይነቱ ችግር ይቀንሳል።»

በዚህ ውስጥ ምስኪን የሚል ቃል የለም፤ ምስኪንነቱን አንባቢው ራሱ ያገኘዋል። እያንዳንዱ አንቀጽ ቁጥር ስላለው ባለሙያው በቀላሉ ይጠቅሰዋል። አራተኛው ቁጥር ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት ነው፤ ምን እንዲደረግ ይፈልጋሉ?

የአንድ ቁጥር ጉልበት የታየበትን ቀን ላስታውስ። በኦክቶበር 2022 የድንበርና ኢሚግሬሽን ዋና ኢንስፔክተር የነበሩት ዴቪድ ኒል በዚሁ ኮሚቴ ፊት ቀርበው በኬንት ስለሚገኘው የማንስተን ማዕከል መሰከሩ። ቦታው በጀልባ የደረሱ ሰዎች ለአንድ ቀን ያህል ብቻ እንዲቆዩበት የታሰበ ነበር። ኢንስፔክተሩ ያዩት ነገር ቃል እንዳሳጣቸው ተናገሩ፤ በድንኳን ውስጥ ያነጋገሩት አንድ የአፍጋኒስታን ቤተሰብ እዚያ 32 ቀን እንደቆየም ገለጹ። ቃል አጣሁ የሚለውን ማንም ሊለው ይችላል። አንድ ቀን ከታሰበበት ቦታ 32 ቀን የሚለውን ግን ሚኒስትር ሊያስተባብል የሚችለው በቁጥር ብቻ ነው።

ቀሪዎቹ ደንቦች አጭር ናቸው። ጽሑፉ ከዚህ በፊት ያልታተመ ይሁን። በፍርድ ቤት ስለተያዘ ጉዳይ ዝርዝር አያካትቱ። የሌላን ሰው ማንነት ያለ ፈቃዱ አይግለጹ። ያዩትንና የሰሙትን ለዩ። ጥሪው ሌላ ካላለ 3,000 ቃል እንደ ጣሪያ ይያዝ፤ እኔ ግን ሁለት ገጽ ይበቃል ባይ ነኝ። የሚላከው በእንግሊዝኛ ቢሆንም መጀመሪያ በአማርኛ መጻፉ ይሻላል፤ በደንብ በማይችሉት ቋንቋ የተጀመረ ሐሳብ ሳይደርስ ይቀራል።

4. ሰነድ ሰብስቡ

ቀኖቹ ከተምታቱብዎ ሆም ኦፊስ ስለ እርስዎ የያዘውን መረጃ በነፃ መጠየቅ ይችላሉ፤ መልሱ በአንድ ወር ውስጥ ሊሰጥ ይገባዋል፤ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ይራዘማል። አጠቃላይ ቁጥር ከፈለጉ ደግሞ በ2000ው የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ይጠይቁ፤ ጊዜው 20 የሥራ ቀን ነው። ከላይ የጠቀስሁትን የድንበርና ኢሚግሬሽን ዋና ኢንስፔክተር ሪፖርቶችም አንብቡ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ሪፖርቶቹን የሚያወጣው ኢንስፔክተሩ ሳይሆን ተመርማሪው ሚኒስቴር ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ተጠራቅመው የቆዩ 13 ሪፖርቶች በአንድ ቀን ወጥተዋል። እንደዚያ ባለ ክምር መካከል ማን እንዳነበባቸው እንጃ።

5. ስለ ስምዎ አስቀድመው ይወስኑ

ኮሚቴው የተቀበለው ማስረጃ ብዙውን ጊዜ ከጸሐፊው ስም ጋር ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ሲልኩ ሁለት ምርጫ እንዳለ ይወቁ። ጽሑፉ ያለ ስም እንዲወጣ መጠየቅ ይቻላል፤ ጨርሶ እንዳይወጣና አባላቱ ብቻ እንዲያነቡት መጠየቅም ይቻላል። ውሳኔው የኮሚቴው ቢሆንም ጥያቄዎን ከነምክንያቱ በግልጽ ይጻፉ። ኮሚቴው የተቀበለው ማስረጃ በፓርላማ ከለላ ሥር ስለሆነ በእሱ ምክንያት በስም ማጥፋት አይከሰሱም። ያንኑ ጽሑፍ በራስዎ የፌስቡክ ገጽ ላይ ከለጠፉት ግን ከለላው አይከተልዎትም።

የጥገኝነት ጉዳይዎ ያላለቀ ከሆነ ጽሑፉን ሳይልኩ ለጠበቃዎ ያሳዩ። በቃለ መጠይቁ ላይ ኖቬምበር ያሉትን እዚህ ዲሴምበር ቢሉት፣ ትንሿ ልዩነት ነገ በይግባኝ ሰሚው ፊት ተነሥታ ልትጠብቅዎት ትችላለች።

6. ከላኩ በኋላ

የሚላከው በድረ ገጹ ላይ ባለው ቅጽ ነው። መድረሱ ይነገርዎታል፤ መድረስና ተቀባይነት ማግኘት ግን የተለያዩ ናቸው፤ በመካከላቸው ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ተቀብለው ካወጡት ጽሑፉ ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ያገኛል፤ ያንን ይጻፉት። ለቃል ምስክርነት የሚጠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ባለሥልጣናትና ድርጅቶች ናቸው። አለመጠራት አለመነበብ አይደለም።

ሪፖርቱ ሲወጣ ከፊት ሳይሆን ከግርጌ ማስታወሻዎቹ ይጀምሩ፤ መለያዎን የሚያገኙት እዚያ ነው። መንግሥት በሁለት ወር ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቃል። መልሱ ለእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ «ተቀብለናል»፣ «በከፊል ተቀብለናል» ወይም ከዚያ በለሰለሰ ቋንቋ «ተመልክተነዋል» ይላል። የመጨረሻው በእኛ አገር ቋንቋ «ነገ ና» ማለት ነው። እርስዎን የሚመለከተው ምክረ ሐሳብ እንዲህ ታልፎ ካገኙት፣ ቁጥሩን ይዘው ለምክር ቤት አባልዎ ይጻፉና ለሚኒስትሩ በጽሑፍ ጥያቄ እንዲያቀርቡለት ይጠይቁ።