በንጉሡ፣ በደርግና በኢሕአዴግ ዘመን የነበረውን ዕድገት ለማነጻጸር

ድሬዳዋ ላይ በርጫው (የጫት ጨዋታው) ደርቶ «አገሪቱ ያደገችው በማን ጊዜ ነው?» ከተባለ ነገሩ እስከ ምሽት ይሄዳል። በቁጥር ልሞግት ያለ ሰው በቋሚ ዋጋ የተሰላ የነፍስ ወከፍ ምርት ይያዝ። በወቅቱ ዋጋ የተሰላው ኑሮ ሲወደድ ብቻ ያደገ ይመስላል። በዶላር የተሰላውም አያስተማምንም፤ በመስከረም 1985 ዶላር ከ2.07 ብር 5 ብር ሲገባ ከማሳው እህል ሳይጎድል ቁጥሩ ያሽቆለቁላል።

ዓመቱን ስትቆርጡ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አስታውሱ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ሥልጣን ይዞ ግንቦት 20 ቀን 1983 ስለወደቀ 1967ም 1983ም የእሱ ናቸው። በዓለም ባንክ ሰንጠረዥ ለመፈለግ በበጀት ዓመቱ ላይ 8 ደምሩ፤ የ1977 ድርቅ እዚያ 1985 ላይ ነው። ሰንጠረዡ ከ1981 እ.ኤ.አ. ስለሚነሳ ንጉሡ ጨርሶ የሉበትም፣ የደርግም የመጀመሪያ ስድስት ዓመታት ይቀራሉ። ለእነዚያ ከ1950 እ.ኤ.አ. የሚጀምረውን ፔን ወርልድ ቴብል የተባለውን የአገሮች ምርት መረጃ ስብስብ ተጠቀሙ፤ ሁለቱን ግን በአንድ መስመር አትቀጥሉ።

ጥቅል ምርት በ17 ዓመት ከ100 ወደ 180 አደገ እንበል። ብዙ ሰው 80ን ለ17 አካፍሎ 4.7 በመቶ ይላል። ትክክሉ 1.8ን በ1/17 ኃይል አስልቶ 1 መቀነስ ነው፤ 3.5 በመቶ ይመጣል። ሕዝቡ በዓመት 2.7 በመቶ ከጨመረ ለነፍስ ወከፍ የሚተርፈው 0.8 ገደማ ነው።

የድርቅ ዓመት መነሻ አይሁን። ከ100 ወደ 90 ወርዶ 100 የተመለሰ ምርት «11 በመቶ አደገ» ይባልለታልና። በሁለቱም ጫፍ የሦስት ዓመት አማካይ ውሰዱ።

ከባዱ ምክንያቱን መለየት ነው። በጥር 1967 የፋብሪካዎች መወረስና በየካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የሥርዓቱ ሥራ ናቸው። በ1969 እና 1970 በኦጋዴን ጦርነት የጅቡቲ ባቡር ሲቋረጥ በሐዲዱ የምትኖረው ድሬዳዋ የደረሰባት ጉዳት ግን በጦርነት ዓምድ ይገባል። በተቃራኒው በሐምሌ 1967 ብራዚልን ውርጭ መትቶ የቡና ዋጋ እስከ 1969 ሰማይ ነካ፤ የሐረርጌ ቡና ያን ጊዜ ላወጣው ዋጋ አብዮቱን ማመስገን የለብንም።

ኮንትሮባንድ በየትኛውም ዘመን ቁጥር ውስጥ በወጉ አልገባም፤ ስለዚህ ታይዋን የሚባለውን የድሬዳዋ የኮንትሮባንድ ዕቃ ገበያ ግርግር አይታችሁ የብሔራዊ ሂሳቡን አትሙሉ። ከ1985 በፊት ያለው አኃዝ ኤርትራን ይጨምር እንደሆነም አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ካልሆነ በሽግግሩ ላይ የሌለ ውድቀት ታያላችሁ።