የሚለበልብ፣ የሚደነዝዝ እግር፦ ምን ያባብሰዋል? ምን ያሻለዋል?

አክስቴ የሚኖሩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ እሳቸው ቤት ቡና እየጠጣን፣ ቶናው ሲቀዳ የሚያር ነገር ሸተተን። ያረረው የአክስቴ ካልሲ ነበር። እንደልማዳቸው እግራቸውን ወደ ከሰሉ ዘርግተው ነው የተቀመጡት። ካልሲው ሲወልቅ አውራ ጣታቸው ውሃ ቋጥሯል። እሳቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም። «አብሽሩ፣ ብርዱ ነው» አሉን። ስኳር ካለባቸው ስድስት ዓመት ሆኗል።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የእግር ነርቭ ሕመም የሚል ሰው ሳገኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ቀን ደህና ውሎ ማታ ይለበልበኛል»

ሳማ እንደነካው ይለበልባል፣ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይነዝራል፣ አንሶላ ሲያርፍበት እንኳ ያማል። ሁለቱም እግር ላይ ከጣት ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ከወጣ፣ ነርቮቹ ተጎድተዋል ማለት ነው። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ ነው ከእግር ጣት የሚጀምረው።

ዋናው መነሻ ስኳር ነው። ግን ብቻውን አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አለ፤ የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ለዚህ ይጋለጣሉ። አረቄና ሌላ መጠጥ ማብዛት ነርቭ ይጎዳል። የኩላሊት ሕመምና ኤችአይቪም እንደዚሁ። የቲቢ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድም ያመጣዋል፤ ለዚህ ነው ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚታዘዘው። ገላ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ደግሞ ሥጋ ደዌ መሆን አለመሆኑ ይታይ። ከደሴ ብዙም የማይርቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የቆየ ስም አለው። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ ቶሎ ከተጀመረ ነርቭም ይተርፋል።

መፍትሄው ከምርመራ ይጀምራል። በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ከተገኘም የቢ12 መጠን። ለሕመሙ የሚረዱት አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም ዱሎክሰቲን ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ፣ በትንሽ መጠን ነው የሚጀመሩት። ሦስት ቀን ወስዶ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋሉ። አሚትሪፕቲሊን ግን ለልብ ሕመምተኛና ሽንት ለሚከለክለው ሽማግሌ ላይስማማ ይችላል፤ ይህን ሳይደብቁ ለሐኪሙ መንገር ነው።

የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ለዚህ ሕመም እምብዛም አይጠቅምም። ስኳር ያለበትን ሰው ኩላሊት ግን ይጎዳል። ደግሞ ቢ ኮምፕሌክስ «ቫይታሚን ነው፣ ምን ይጎዳል?» እየተባለ ለወራት ይዋጣል። ውስጡ ያለው ቢ6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል! ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

«ስኳሬ ሲስተካከል እግሬ ባሰበት»

ይህን ሲሉ የሚያምናቸው አያገኙም። እውነት ነው ግን። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በአጭር ጊዜ ሲወርድ የነርቭ ሕመም ሊቀሰቀስ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ኢንሱሊኑን አቁመው እንዳይቀመጡ። ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ዓይንዎንም ይታዩ፣ ይህ ድንገተኛ ለውጥ ዓይንንም ይነካል።

«ብርድ ሲሆን አልችለውም»

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ይላሉ፤ ሙቀቱ ሲያገኛቸው «ቀለለኝ» የሚሉ አሉ። አይገርምም፣ ብርድ ይህን ሕመም ያባብሰዋል።

ችግሩ የምንሞቅበት መንገድ ነው። የደነዘዘ እግር ሙቀትንም አይለይም። ከሰል፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ እግር ሥር አድርጎ መተኛት፣ በፈላ ውሃና ጨው መዘፍዘፍ፣ ሁሉም ያቃጥላሉ። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰልማ ሰው ይገድላል። የሚሻለው ላላ ያለ የሱፍ ካልሲ ነው፤ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚት የሚያንቅ አይሁን። መታጠቢያውን ውሃ በክርንዎ ይለኩት፣ ወይም የሚሰማው ሰው ይለካልዎት። ብርድ ልብሱ ሲነካ የሚያም ከሆነ እግርጌ ካርቶን አቁመው ከእግርዎ ከፍ ያድርጉት።

«አንዱ እግሬ ብቻ ነው»

ከወገብ ጀምሮ የሚወርድ ከሆነ ወገብ ይታይ። ዳገት ሲወጡ ባት እየያዘ ቆም ሲሉ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ የደም ሥር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ደሴ መቼም ዳገት አታጣም፣ ቶሎ ይታወቃል።

የእግር መዛል በቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም የእግር ቁስል ካበጠ፣ ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ቀጠሮ አይጠበቅም።

«አሁንስ ሕመሙ ጠፋልኝ»

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። መለብለቡ ቀርቶ መደንዘዝ ከመጣ ነርቩ ዳነ ማለት ላይሆን ይችላል፤ መናገር አቅቶትም ይሆናል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ፍተሻ አለ። ዓይን ይጨፈናል። ሌላ ሰው አውራ ጣትን፣ መሐለኛዋንና ትንሿን ጣት በጣቱ ጫፍ አንድ ሁለት ሰከንድ ነካ ያደርጋል፣ ሳይጫን። በሁለቱ እግር ስድስት ቦታ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማ እግሩ አደጋ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ እግር በየቀኑ መታየት አለበት፣ ውስጥ እግሩም ጭምር። ጫማ ከመጠለቁ በፊት ጠጠር እንዳይኖር በእጅ ይዳበስ። ከውዱእ በኋላ የጣት መሐል በደንብ ይድረቅ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሲወልቅ ወፍራም ካልሲ እግር ላይ ይቆይ።

የአክስቴ ቁስል ለመዳን ሁለት ወር ፈጀ። አሁን የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ በሞባይሉ መብራት እግራቸውን ያያል። ትናንት ስደውል ስልኩን ተቀብሏቸው፣ «አምስቱን ለይተዋል፣ የቀኟን ትንሿን አላወቋትም» አለኝ።