የእንጨት ቤት ለገባችሁ ወሎዬዎች

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ አሜሪካ ወይም ካናዳ የገባ ሰው ግድግዳውን በጣቱ ማንኳኳቱ አይቀርም። ድምፁ ባዶ ነው። «ይሄ ካርቶን ነው እንዴ? ይህን ሁሉ ኪራይ የምንከፍለው ለዚህ ነው?» ይላል። ጅዳ ወይም ቤሩት ቆይታችሁ የመጣችሁ ደግሞ ኮንክሪት ስለለመዳችሁ ይብስባችኋል። አገር ቤት ብር ያገኘ ሰው ከጭቃ ወደ ብሎኬት ነው የሚሄደው። ስለዚህ እንጨት ስናይ ድህነት ቢመስለን አይፈረድብንም። እዚህ ግን የሚሊዮን ዶላር ቤትም ብዙ ጊዜ በእንጨት ነው የሚቆመው።

ለነገሩ እንጨት ለእኛስ መቼ እንግዳ ሆነ? የሰፈራችሁን ጭቃ ቤት አስቡት። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይመታል፣ ጭቃ በጭድ ተቦክቶ ይመረግበታል። ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። የአሜሪካ ቤትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ቋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በ40 ሳንቲሜትር ገደማ ርቀት ይደረደራሉ። መሃላቸው ብርድ የሚከላከል ጥጥ መሳይ ነገር ይሞላል። ከውስጥ በጭቃ ፈንታ ጂፕሰም ቦርድ ይለበጣል።

አንዱ አገር እንጨት፣ ሌላው ድንጋይ የሚመርጠው መጀመሪያ በእጁ ባለው ነገር ነው። ሰሜን አሜሪካና ስዊድን ቀጥ ብሎ የሚያድግ ጥድ ሞልቷቸዋል። የወሎ ደጋ ደኑ ከተመናመነ ቆይቷል፤ ባሕር ዛፉም ቢሆን በምኒልክ ዘመን የገባ ነው። ድንጋይ ግን አላጣንም። ላስታ ላይ ቤቱ በድንጋይ ይገነባል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከአለት ይፈለፈላል። ሁለተኛው ነገር ጉልበት ነው። እኛ ዘንድ የሚያስጨንቀው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ነው። እዚህ የሠራተኛው ሰዓት ነው የሚወደደው። ጥቂት አናጢዎች ቶሎ የሚያቆሙት ቤት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አደጋም የራሱን ትምህርት ሰጥቷል። ለንደን በ1666 እ.ኤ.አ. ከተቃጠለች በኋላ ቤት በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ ሕግ ወጣ። ፍሎሪዳ አውሎ ነፋስና ምስጥ ስላለ ብሎኬት በብዛት ታያላችሁ። ካሊፎርኒያና ጃፓን ግን መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ብረት ከሌለው ከባድ የድንጋይ ቤት ይልቅ ቀላልና እጥፍ ዘርጋ የሚል የእንጨት ቤት ይሻላል። ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬና ጎረቤቷ ማጀቴ በ1953 ዓ.ም በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድተዋል።

ለኑሯችሁ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ግን የብርዱን ጉዳይ ማወቅ ነው። ደሴ ላይ ቀን ፀሐይ ነው፣ ማታ ይበርዳል። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ይመልሰዋል። እዚህ ክረምቱ ለወራት ይቆያል፤ ግድግዳው ከውጭ የሚይዘው ሙቀት የለም። ስለዚህ ቤቱ የሚሠራው የውስጡ ሙቀት እንዳያመልጥ ተደርጎ፣ ተደፍኖ ነው። አገር ቤት በቆርቆሮና በግድግዳ መካከል ሾልኮ የሚወጣው ጭስ እዚህ መውጫ የለውም።

እና ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም አታቀጣጥሉ! ለቡናም፣ ለዕጣንም፣ ለብርድም። መስኮት ከፍቻለሁ አትበሉ። የከሰሉ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው በተኛበት ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፣ ዕጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ። የጭስ ማንቂያው ቢጮህ መስኮት ክፈቱ እንጂ ባትሪውን አትንቀሉ። በእንጨት ቤት እሳት ቶሎ ይዛመታል፣ ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ደግሞ ማንቂያው ነው።

ቀጥሎ ውሃ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ብዙ ጊዜ መፍሰሻ የለውም፤ ከስሩም እንጨት ነው። እንደ አገር ቤት በጆግ ውሃ ደፍታችሁ አትጠቡት። ሻወር ስትወስዱ መጋረጃው ወደ ገንዳው ውስጥ ይግባ። ውዱእ ስታደርጉ እግራችሁን ገንዳው ውስጥ ታጠቡ፣ የፈሰሰውንም ወዲያው አድርቁ። እርጥበት ከገባ ወለሉ ያብጣል፣ ሻጋታ ይመጣል። እንጀራ ስትጋግሩም እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ እንዳይቀር ማራገቢያውን ክፈቱ። ማራገቢያው እንፋሎቱን ወደ ውጭ የማያስወጣ፣ እዚያው የሚያዞር ከሆነ መስኮት ጨምሩበት።

ድምፅም አለ። የእንጨት ወለል ላይ ሙቀጫና ዘነዘና ከታች ላለው ጎረቤት ጣሪያው የሚወርድ ያህል ነው። ቡናውን በመፍጫ ፍጩት፤ ካልሆነላችሁ ከሙቀጫው ስር ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ፣ ሌሊት ደግሞ ተዉት። በረካው ሳይደርስ ፖሊስ በር ሲያንኳኳ ደስ አይልም።

ምስማር ጂፕሰሙ ላይ ብቻ ከመታችሁ ቀላል ፎቶ ይይዛል፣ ቴሌቪዥን ግን አይችልም። ለከባድ ነገር ቋሚውን እንጨት ፈልጉ። ስተድ ፋይንደር የሚባል ርካሽ መሣሪያ የሕንፃ ዕቃ መደብር ይሸጣል። ማግኔትም ቋሚው ላይ የተመቱትን ብሎኖች ያሳያችኋል። ኪራይ ቤት ከሆነ ከመብሳታችሁ በፊት አከራዩን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙት፣ ስትለቁ ከማስያዣችሁ እንዳይቆረጥ።